ቅዳሜ የዌብ ዴቨሎፐሮች ዝግጅት ላይ ማን ነበር? ያየሁትን ልንገራችሁ

ጀበና_ዴቭ፦
ሰላም ጓዶች። ቅዳሜ ቦሌ አካባቢ የተደረገው የዴቨሎፐሮች ዝግጅት ላይ ነበርኩ። "ሄደህ ምን አተረፍክ?" ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ በርከት ስላላችሁ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል።

ሦስት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ተጀመረ። ይሄ ዜና አይደለም። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ አብዛኛው ተማሪ ነው። ስቲከር ሲታደል የነበረው ግፊያ የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ ያስንቃል።

የጠዋቱ ፕሮግራም የሚጠበቀው ነው። ሪአክት 19 (የዌብ ገጽ መሥሪያው ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ጥቅል)፣ ሰርቨር ኮምፖነንት፣ ኤአይ፣ አሁንም ኤአይ። ተናጋሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ስላይዱም ያምራል። ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ ዩቲዩብ ላይ ካየሁት የተለየ ብዙ ነገር አልሰማሁም።

ከምሳ በኋላ ግን አንዲት ልጅ ወጣች። ግማሹ ሰው ውጭ ፎቶ ይነሳል፣ ውስጥ ያለውም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ልጅቷ ስላይድ የላትም። ጥጉ የተሰነጠቀ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ከላፕቶፑ ጋር በኬብል አገናኝታ ስክሪኑን ግድግዳው ላይ አወጣችው። የክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ ፎርም ነው። አንዱን በሪአክት፣ ሌላውን በተራ ኤችቲኤምኤልና በቁራጭ ጃቫስክሪፕት ሠርታዋለች። ዋይፋዩን አጥፍታ በስልኩ ዳታ ከፈተቻቸው። ተራው ፎርም ወዲያው መጣ። ሌላው ነጭ ስክሪን ላይ ቆመ። አልተናገረችም፣ ቁልፍም አልነካችም፣ እጇን አጣምራ ጠበቀች። ሰው መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ከውጭ የነበረውም "ምንድነው?" እያለ መግባት ጀመረ።

ቀጥላ የቀን መምረጫውን ነካችው። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ እስከ ጳጉሜን ወረደ። አንዱ "ላይብረሪው ማን ይባላል?" ሲላት "ላይብረሪ የለውም፣ ብራውዘሩ ውስጥ አለ" አለች። በየፕሮጀክቱ የቀን መቀየሪያ ኮድ ኮፒ ስናደርግ የኖርን ሰዎች ተያየን።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። እንዲህ ዓይነት መድረክ ስለ አዲስ ፍሬምወርክ ሰብኮን ከሚውል እጃችን ላይ ያለው ብራውዘር ምን እንደሚችል ቢያሳየን ይሻላል። እናንተስ?

ቦሌ_ባግ፦
ምሳ ነበር?

ጀበና_ዴቭ፦
ሳምቡሳና ውሃ። የጾም።

ቦሌ_ባግ፦
እንኳን ቀረሁ።

አራት_ኪሎ_ሪአክት፦
ወንድሜ፣ ልጅቷን እኔም አይቻታለሁ፣ አሪፍ ነበረች። ግን ነገሩን አታጋንነው። ተራ ኤችቲኤምኤል እዚህ ከተማ ሥራ አያስቀጥርም። የሥራ ማስታወቂያ ክፈትና እይ፦ ሪአክት፣ ኔክስት (በሪአክት ላይ የተሠራው ፍሬምወርክ)፣ ታይፕስክሪፕት። የተመረቀ ልጅ "ብራውዘሩን አውቀዋለሁ" ብሎ ሲቪ ላይ ቢጽፍ ማን ያነበዋል?

ደግሞ ያሳየችው ፎርም ነው። አምስት መስክ ያለው ፎርም! የመጋዘን ዳሽቦርድ ሥሪ በላት፤ ሠንጠረዡ፣ ማጣሪያው፣ ግራፉ ሁሉ በየሰከንዱ የሚቀያየር። ያኔ ሪአክት ለምን እንደመጣ ይገባሃል። ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲለቀው ሰዎቹ ሥራ ፈትተው አልነበረም። ሰርቨር ኮምፖነንት የመጣውም እኮ ስልኩ ላይ የሚወርደውን ጃቫስክሪፕት ለመቀነስ ነው። ገጹ ሰርቨር ላይ ተበስሎ ይመጣል። እሷ የወቀሰችውን ችግር ነው የጠዋቱ ተናጋሪ መፍትሔውን ሲያስረዳ የነበረው። አንተ ግን ዩቲዩብ ላይ አይቼዋለሁ ብለህ አልሰማኸውም።

ጀበና_ዴቭ፦
ሰምቼዋለሁ ባክህ። መፍትሔው ትክክል ነው። ግን እዚህ አገር ያየሁት ፕሮጀክት ሁሉ ማለት ይቻላል ባዶ ገጽ ልኮ ሥራውን በሙሉ ስልኩ ላይ የሚጥል ነው። ማስታወቂያው ላይ ኔክስት ይላል፤ ውስጡን ስትገባ ፋይሉ ሁሉ አናቱ ላይ "ዩዝ ክላየንት" (ስልኩ ላይ ይሂድ እንደማለት) ተጽፎበታል።

አራት_ኪሎ_ሪአክት፦
እሱን አልክድም። የኛ ቢሮም እንደዚያው ነው።

ሎግ_አንባቢ፦
ሰርቨር ኮምፖነንት ከተነሳ አንድ ጥያቄ አለኝ። በዲሴምበር 2025 እ.ኤ.አ. ስለወጣው የደህንነት ቀዳዳ መድረኩ ላይ ተነሳ? ክብደቱ ከ10 አሥር የተሰጠው እኮ ነው። አጥቂው ፓስወርድ አያስፈልገውም፤ ተበጅታ የተላከች አንዲት ጥያቄ (ሪኩዌስት) ሰርቨርህ ላይ የፈለገውን ኮድ ታስኬድለታለች። ሪአክት 19.0፣ 19.1.0፣ 19.1.1 እና 19.2.0 ተጋላጭ ነበሩ። ኔክስትን በአፕ ራውተር የሚጠቀምም አብሮ ተነክቷል።

ጀበና_ዴቭ፦
አንድ ልጅ ጠየቀ። "ፓች (ማስተካከያ) ወጥቶለታል" ተብሎ ታለፈ።

ሎግ_አንባቢ፦
ፓች መውጣቱን ማን ጠየቀ፣ መጫኑን እንጂ። ደግሞ በአንዱ ማዘመን አላለቀም። ከሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ ሌሎች ቀዳዳዎች ተገኝተው እንደገና ማዘመን አስፈልጎ ነበር፤ አንደኛው ሰርቨሩን የሚያንጠለጥል፣ ሌላው የሰርቨር ኮድህን የሚያሳይ። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ አዘምኜ ተኛሁ ያለ ሰው አሁኑኑ ተነስቶ ቨርዥኑን ይይ።

እኔ ሪአክትን አልጠላም። ግን ፍሮንት ኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን ክፍል ሠሪ) ብቻ ነኝ ሲል የነበረ ልጅ ሳያውቀው የሰርቨር ባለቤት ሆኗል። አዲስ ቴክኖሎጂ ሲተዋወቅ ይሄም አብሮ ይነገረው። አንድ ሰዓት ሙሉ "እንዴት ያምራል" ከተባለ አሥር ደቂቃ "እንዴት ይጠበቃል" ቢባል ምን አለበት?

የጣና_ዳር_ተማሪ፦
እኔ ባሕር ዳር ስለሆንኩ መምጣት አልቻልኩም። ዝግጅቱ ሁሉ አዲስ አበባ ነው። በቀጥታ ይተላለፋል ተብሎ ነበር፣ ድምፁ ግን አይሰማም።

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የምማርበት ቦታ አሁንም ክሬት ሪአክት አፕ (የሪአክት ፕሮጀክት ማስጀመሪያ) ነው የሚያስተምሩን። ስንጭነው ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አስተማሪያችንን ስጠይቀው "ተይው ይሠራል" አለኝ። ልተወው?

ጀበና_ዴቭ፦
እህቴ፣ ይሠራል፣ ግን ጊዜው አልፎበታል። የሪአክት ቡድን ራሱ በፌብሩወሪ 2025 እ.ኤ.አ. ለአዲስ ፕሮጀክት አትጠቀሙበት ብሎ ዘግቶታል። በቪት ጀምሪ። የቩ (የሪአክት ተፎካካሪ) ፈጣሪ ኢቫን ዩ ነው ያወጣው፣ ለሪአክትም ለስቬልትም ይሆናል። የተማርሽው አይባክንም፤ ኮምፖነንቱ፣ ስቴቱ፣ ፕሮፕሱ ያው ነው። የሚለየው ማስነሻው ነው። ደካማ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ራሱ ያስደስትሻል።

የጣና_ዳር_ተማሪ፦
ተባረክ። የኔ ላፕቶፕ ስክሪኑን ሲከፍት ራሱ ይተነፍሳል።

ካርድ_የለኝም፦
እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ተናጋሪ መጨረሻ ላይ "ከዚያ አንዲት ቁልፍ ተጭናችሁ ዲፕሎይ ታደርጋላችሁ" (ኢንተርኔት ላይ ታወጣላችሁ) ይላል። ቤት ገብተህ ስትጫናት ካርድ ትጠይቅሃለች። የዶላር ካርድ! ብር በጁላይ 2024 በገበያ ዋጋ ይተመን ከተባለ ወዲህ ደግሞ በወር አምስት ዶላር የምትባለው በብር ስትመታ ሌላ ወሬ ሆናለች። መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ይሄንን የማያውቀው አገር ውስጥ ስለማይኖር ነው ወይስ ድርጅቱ ስለሚከፍልለት?

ሲልቨርስፕሪንግ_ናይትሺፍት፦
@ካርድ_የለኝም ለመለማመጃና ለራስህ ገጽ ከሆነ ጊትሃብ ፔጅስ ካርድ አይጠይቅም፤ ኮድህ ለሕዝብ ክፍት ይሁን እንጂ ነፃ ነው። ሰርቨር የማይፈልግ ነገር ሁሉ እዚያ ይሄዳል። ልጅቷ ያሳየችው ዓይነት ተራ ኤችቲኤምኤል ለምሳሌ። (አያችሁ፣ ድሃ ሲሆኑ ቀላል ነገር ይረዳል።)

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ቀን ቀን እተኛለሁ፣ ማታ ማታ የሆስፒታል ሲስተም እጠብቃለሁ። እዚህም ያሉት ስብሰባዎች ያው ናቸው። ፒዛው ይለያል እንጂ ስላይዱ አንድ ነው። አዲስ ነገር ይመጣል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ሰኞ ዕለት ሁሉም ወደ ድሮ ኮዱ ይመለሳል።

ለኔ የጠቀመኝ "ቤዝላይን" የሚባለው ነገር ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በጉግል አይኦ ነው የተዋወቀው። አንድ የብራውዘር ችሎታ ክሮም፣ ኤጅ፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ላይ ሲገኝ "አዲስ የተዳረሰ" ይባላል። ከዚያ 30 ወር ሲሞላው "በሰፊው የተዳረሰ" ይሆናል። ስለዚህ መድረክ ላይ አንድ ነገር አይተህ ስትጓጓ በመጀመሪያ የምትጠይቀው "ቤዝላይኑ የት ደርሷል?" ነው። ሲኤስኤስ (የገጽ ማስዋቢያው ቋንቋ) ውስጥ ያለው "ሃዝ" (ውስጡ ባለው ነገር ውጭውን መምረጫው) ለምሳሌ ድሮ በጃቫስክሪፕት ስናለቅስበት የነበረውን ነገር በአንድ መስመር ይጨርሳል። ፋየርፎክስ በዲሴምበር 2023 እ.ኤ.አ. ሲጨምረው ነው ሁሉም ጋ የደረሰው። አሁንም ግን ዘመዶቼ እጅ ያለውን ስልክ ሳስብ እሱ ያልገባው አሮጌ ብራውዘር ሞልቷል። ኦፔራ ሚኒንማ አትጠይቁኝ።

ጋሼ_ፎክስፕሮ፦
ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። እኔ ከእናንተ በዕድሜ ከፍ እላለሁና ትንሽ ላስታውሳችሁ። የአማርኛ ዌብሳይት ስንሠራ መጀመሪያ ተመልካቹ ፎንት አውርዶ እንዲጭን እንለምነው ነበር። ካልጫነ የሚያየው የላቲን ፊደል ትርምስ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ፎንት፣ የራሱ አደራደር። አንዱ ጋ ሀ የሆነው ሌላው ጋ ጥያቄ ምልክት ነው። የሰለቸው ሰው ጽሑፉን ምስል አድርጎ ይለጥፈው ነበር፤ መፈለግ የለ፣ ኮፒ ማድረግ የለ።

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ላይ ገባ። ገባ ማለት ግን ወዲያው ታየ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ እስኪመጣ ብዙ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሳጥን በሳጥን ነበር የምናየው። ስለዚህ ልጅቷ ብራውዘሩ ጳጉሜን ያውቃል ስትል እኔ ብኖር ኖሮ ቆሜ ነበር የማጨበጭበው።

ጀበና_ዴቭ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ነበሩ መድረክ ላይ መውጣት የነበረብዎት።

ጋሼ_ፎክስፕሮ፦
ማን ጠርቶኝ።

ጳጉሜ_6፦
ሰላም። ስልኳ የተሰነጠቀው ልጅ እኔ ነኝ። ስልኩ የወንድሜ ነው፣ ስሜን አታጥፉ።

መጀመሪያ ለ@አራት_ኪሎ_ሪአክት፦ ሪአክትን አላማሁትም። ሥራዬም እሱ ነው። ሆን ብዬ ያሳየሁት አብዛኞቻችን የምንሠራበትን አሠራር ነው፣ ሁሉም ነገር ስልኩ ላይ የሚጫንበትን። በሰርቨር ቢዘጋጅ ልዩነቱ በጣም ይጠብ ነበር። ይሄንን መድረክ ላይም ተናግሬ ነበር፣ በሳቁ መሐል ተዋጠ።

ስለ ቀኑ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ እዚሁ ልዘርዝረው። ብራውዘሩ ውስጥ ያለው መሣሪያ ኢንትል ይባላል፤ የምትጠሩት ዴት ታይም ፎርማት የሚለውን ነው። ልብ በሉ፣ ቋንቋውን አማርኛ፣ አገሩን ኢትዮጵያ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። እንደዚያ ሲባል ብራውዘሩ የሚሰጣችሁ የፈረንጁን ቀን ነው፤ "ጃንዩወሪ" ብሎ በፊደላችን ይጽፍላችኋል። ካሌንደሩን "ኢትዮፒክ" ብላችሁ በግልጽ መጠየቅ አለባችሁ። ያኔ የወሮቹ ስም ራሱ ይመጣል። "ኢትዮኤኤ" ካላችሁት ደግሞ በዓመተ ዓለም ይቆጥራል፣ 2018 የነበረው 7518 ይሆናል። ለባሕረ ሐሳብ የሚጨነቅ ሰው ካለ ይኸው።

ችግሩ ኢንትል ይጽፋል እንጂ አያሰላም። "ከዛሬ ሦስት ወር በኋላ" ብትሉት አያውቅም። ኤችቲኤምኤል ላይ ያለው የቀን መምረጫም የሚያሳየው የፈረንጁን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የኔን መምረጫ በእጄ ነው የሠራሁት፣ ስሞቹን ብቻ ከብራውዘሩ ወስጄ። ለስሌቱ ቴምፖራል የሚባለው አለ። ፋየርፎክስ በ2025 እ.ኤ.አ. አስገብቶታል። ሁሉም ብራውዘር ላይ እስኪዳረስ ፖሊፊሉን (የጎደለውን ችሎታ የሚሞላ ኮድ) መጫን ነው። እሱ 13ኛ ወር እንዳለ ያውቃል። ጳጉሜን 5 ወይም 6 መሆኗንም ያውቃል። ስሜ ላይ እንደምታዩት ነገሩ ያሳስበኛል፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተወለደ ልጅ ላይ አንድ ዓመት ብትደምሩ ዝም ብሎ ወደ መስከረም አይዘልም፣ ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ላይ ያቆማችኋል። በእጅ የተጻፉት መቀየሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት እዚህ ጋ ነው።

ሰዓት አልቆብኝ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር ፎንቱ ነው። የአማርኛ ፎንት ፊደሉ ብዙ ስለሆነ ከላቲኑ ይከብዳል፣ በቀርፋፋ ኔትወርክ ዘግይቶ ይመጣል። ሲመጣ የመስመሩ ቁመትና ስፋት ይቀየርና ገጹ ይዘላል። ሰውየው "ቀጠሮ ያዝ" ሊል ጣቱን ሲያወርድ "ሰርዝ" እሱ ቦታ ላይ ተገኝቷል። ይሄ ነው ጉግል ሲኤልኤስ ብሎ የሚለካው፤ ከ0.1 ካላለፈ ጥሩ ይባላል። መፍትሔው የምትፈልጉትን ፊደል ብቻ ቆርጣችሁ መላክ፣ መጠባበቂያውን ፎንት ደግሞ በሲኤስኤስ "ሳይዝ አጀስት" ከዋናው ጋር ማቀራረብ ነው።

አራት_ኪሎ_ሪአክት፦
እሺ፣ ተረታሁ ባልልም ተረጋጋሁ። የመጨረሻው ነገር ሥራ ቦታ ላይ አጋጥሞናል። ደንበኛው "ሲስተማችሁ ሲነኩት ይሸሻል" ብሎ ነበር።

ጋሼ_ፎክስፕሮ፦
ልጄ፣ ጎበዝ። ቁጥሩስ? ፩ ፪ ፫ ማውጣት ይቻላል?

ጳጉሜ_6፦
ጋሼ፣ ለዝርዝር ከሆነ ሲኤስኤስ ራሱ ይሰጥዎታል። የዝርዝሩን ዓይነት "ኢትዮፒክ ኑመሪክ" ካሉት ፩ ፪ ፫ ብሎ ይቆጥራል፤ ከ፲ በላይም በግዕዙ ደንብ ይሄዳል።

ሎግ_አንባቢ፦
ሰዓቱስ? እኛ የምንሠራው የሌሊት ተረኛ ፋርማሲ ነው። ተጠቃሚው "ከሌሊቱ 7 ሰዓት" ብሎ ያስባል፣ ሲስተሙ 1:00 ይላል። ደግሞ አርብ ማታ የተኛ ሰው ሌሊቱን የአርብ ነው የሚለው፣ ኮምፒውተሩ ግን ቅዳሜ አድርጎታል። በየቦታው ስድስት መቀነስ ሰለቸን።

ጳጉሜ_6፦
ብራውዘሩ የኛን ሰዓት አቆጣጠር አያውቅም፣ እሱን ራስህ ነህ። ጽሑፉ ላይ ግን "ለቅዳሜ አጥቢያ" ብለህ ብትጽፍ ሁሉም ሰው ይገባዋል።

ሲልቨርስፕሪንግ_ናይትሺፍት፦
ልሳቅ እንጂ አንድ ብልሃት አለ። እኛ ከዩቲሲ (ከዓለም መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስድስት ስትቀንስ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይሆናል። ይሄ ደግሞ የብራዚል ሳኦ ፓውሎ ሰዓት ነው! ለማሳያ ብቻ ታይም ዞኑን ሳኦ ፓውሎ፣ ሰዓቱን ባለ 12 ብታደርገው ጠዋት 3 ሰዓት በትክክል 3:00 ሆኖ ይወጣል። ቀኑም የሚቀየረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ የፋርማሲህ ሌሊት የአርብ እንደሆነ ይቆያል። ጥዋት፣ ማታ የሚለውን ግን ደብቀው፣ ይሳሳታል።

ሎግ_አንባቢ፦
በስመአብ። ይሠራል! አሁን ሞከርኩት። ግን ብራዚል በ2019 እ.ኤ.አ. የተወችውን የበጋ ሰዓት ብትመልስ ደንበኞቼ አንድ ሰዓት ይዘሉብኛል።

ጳጉሜ_6፦
እንደሱ ከሆነ የአገር ስም አትጠቀም። "ኢቲሲ ጂኤምቲ+3" የሚለውን አድርገው፣ እሱ አይቀያየርም። መደመሪያ ምልክቱን አይተህ እንዳትደነግጥ፤ እዚያ ዝርዝር ላይ ምልክቱ ግልብጥ ነው፣ +3 ማለት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ኮዱ ላይ ኮሜንት ጻፍበት፣ አለበለዚያ የሚቀጥለው ሰው ስህተት መስሎት "ያስተካክለዋል"። ዳታቤዙ ውስጥ ደግሞ ዩቲሲ ብቻ ይግባ፤ ይቺ ብልሃት ስክሪኑን እንዳታልፍ።